የመስቀል ወፍን ከነቀለሟ፦ በደሴና በኮምቦልቻ የመስከረም ወፎችን ፎቶ የማንሳት ዝርዝር መመሪያ

መስከረም ሲጠባ ስልካችን ላይ የሚላከው ፎቶ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ሰፊ አረንጓዴ ሜዳ፣ መሃሉ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ። «የመስቀል ወፍ ናት» ይባላል። ስናጎላት ነጥቧ ትደበዝዛለች እንጂ ወፍ አትሆንም።

ብዙ ሰው ጥፋቱን ካሜራው ላይ ይጥላል። ካሜራው ድርሻ አለው፤ ትልቁ ጥፋተኛ ግን እግራችን ነው። ወፏን እንከተላታለን፣ ትነሳለች። ደግመን እንከተላታለን፣ ጭራሽ ማሳውን ለቃ ትሄዳለች። ይህ መመሪያ የተጻፈው መከተሉን ትታችሁ ቁጭ እንድትሉ ነው።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። ጊዜው አጭር ነው። ወንዱ ጥቁርና ቢጫ ወይም ጥቁርና ቀይ የሚለብሰው ለመራቢያው ወቅት ብቻ ነው። ያ ሲያልፍ ላባውን ቀይሮ በአብዛኛው እንደ ሴቷ ቡናማና ጭረት ጭረት ያለበት ይሆናል። በዓመት አንዴ ብቅ ትላለች የምንላት ወፍ ዓመቱን ሙሉ አጠገባችን ናት፤ አናውቃትም እንጂ። ስለዚህ ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለውን ጊዜ ተጠቀሙበት።

ደረጃ 1፦ አንድ ወፍ፣ አንድ ቦታ ምረጡ

«ያገኘሁትን አነሳለሁ» ብሎ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ምንም ሳያነሳ ይመለሳል። ለአንድ ጠዋት አንድ ወፍና አንድ ቦታ ይበቃል።

*ገራዶና የደሴ ዙሪያ ማሳዎች።* ለመስቀል ወፍ እዚህ ጀምሩ። ሁለት ወንዶችን ፈልጉ። አንደኛው ድፍን ጥቁር ሆኖ ትከሻውና ወገቡ ላይ ደማቅ ቢጫ አለው። ሁለተኛው ጥቁር ሆኖ ረጅም ጭራ ያንጠለጠለና ቀይ ማተብ ያሰረ የሚመስል ነው። ሁለቱም ረጅም ሣር፣ የማሳ ዳርና ቦይ ይወዳሉ። የፈረስ ዘንግ ያበበበት አጥር ካገኛችሁ ደግሞ አበባው ላይ የምታብረቀርቅ፣ ምንቃረ ቀጭን ወፍ ትመጣለች። እሷን ለሌላ ቀን አቆዩአት።

*የኮምቦልቻ ቦርከና ዳር።* ሞቅ ይላል፣ የወፍ ዓይነትም ይበዛል። የተሸመነ ጎጆ ከቅርንጫፍ ጫፍ የሚያንጠለጥሉት ቢጫ ወፎችና ከብት የሚከተሉት ነጫጮቹ በቀላሉ ይገኛሉ። ወንዙ የከተማ ፍሳሽ ይዞ ስለሚወርድ በባዶ እግር አትግቡበት።

*ሐረጎ።* ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለ ከፍታ ነው፤ ለአሞራ፣ ለንስርና ለጭልፊት ይሆናል። ማልዶ መሄድ ጥቅም የለውም። መሬቱ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ መነሳት ሲጀምር፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ጀምሮ፣ እየዞሩ ይወጣሉ። ጥሩነቱ እናንተ ከፍታ ላይ ስለሆናችሁ ክንፋቸውን ከጎን፣ አንዳንዴም ከላይ ታገኙታላችሁ። ግን መንገዱ የከባድ መኪና መንገድ ነው። ኩርባ ላይ መኪና አታቁሙ፣ አስፋልቱ ዳር ቆማችሁም ዓይናችሁን ካሜራ ላይ አትትከሉ።

*ሐይቅ።* ለዳክዬና ለሌሎች የውሃ ወፎች። የሐይቅ ከተማ ያለችው ከውሃው በስተምዕራብ ነው። ጠዋት ከዚያ ወገን ከቆማችሁ ፀሐይ ፊት ለፊት ትመታችኋለች፣ ወፎቹም ጥቁር ጥላ ይሆናሉ። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ብርሃኑ ከጀርባችሁ ይመጣል።

ፈጽሞ ጀማሪ ከሆናችሁ ከእነዚህ በፊት ሠፈራችሁ ውስጥ ተለማመዱ። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ትልቁ ቁራ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ እምብዛም የማይገኝ ወፍ ነው፤ ደሴ ላይ ግን ሰው አይፈራም። ግቢያችሁ አጥር ላይ ሲያርፍ ፎከስ መያዝን በእሱ ተማሩ።

ደረጃ 2፦ ማታውኑ ተዘጋጁ

ጠዋት በጨለማ የሚፈለግ ዕቃ አይገኝም። ማታ አንድ ቦርሳ ውስጥ ይግባ።

1. ባትሪ ሙሉ ቻርጅ አድርጉ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ቀን ላይ ጀምሩ። መለዋወጫ ባትሪ ካላችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙት፤ ብርድ ባትሪን ቶሎ ያደክማል።
2. የሚሞሪ ካርዱን ፎቶ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡና ካርዱን ፎርማት አድርጉ። መጀመሪያ መገልበጣችሁን አረጋግጡ።
3. አፉ የሚታሰር ሁለት ወፍራም ፌስታል ያዙ። አንዱ ለዝናብ፣ አንዱ ለጤዛ። ጥቅሙ ደረጃ 4 ላይ ይመጣል።
4. ልብስ፦ ቡናማ፣ ግራጫ ወይም የደበዘዘ አረንጓዴ። የደሴ ብርድ ጋቢ ያስመኛል፤ ነጭ ጋቢ ለብሶ ሣር ውስጥ መቀመጥ ግን ወፉን ማባረር ነው። ወታደር የሚመስል ዥንጉርጉር ልብስ ጭራሽ አትልበሱ። ከወፍ ሳይሆን ከሰው ጋር ነው የሚያጣላችሁ።
5. የጎማ ቡትስና የሚቀመጡበት ነገር። የታጠፈ ማዳበሪያ ከበቂ በላይ ነው። መሬቱ እርጥብ ነው፣ ያለ መቀመጫ አንድ ሰዓት አትቆዩም።
6. መታወቂያ።
7. ወደ ኮምቦልቻ ወይም ከዚያ በታች ወደ ጨፋ ረግረግ የምትወርዱ ከሆነ እጅጌው ረጅም ልብስና የትንኝ መከላከያ ቅባት። ወቅቱ የወባ ነው፣ ማምሻው ላይ ደግሞ ትንኙ ይበረታል።

ሌላው የማታ ሥራ ስልክ መደወል ነው። በምትሄዱበት አካባቢ የሚኖር ሰው ፈልጉና ስለ መንገዱና ስለ ፀጥታው ጠይቁ። ረጅም ሌንስ ከሩቅ ለሚያየው ሰው ብዙ ነገር ይመስላል። ወደ ኤርፖርት፣ ወደ ካምፕ፣ ወደ ኬላና ወደ ድልድይ ካሜራ አታዙሩ። ንስር ቢያርፍበት እንኳ ተዉት። ያለ ፈቃድ ድሮን ማስነሳትማ አይታሰብም።

ደረጃ 3፦ ካሜራውን ቤት ውስጥ አስተካክሉ

ሜዳ ላይ በተን መፈለግ የለም። ከመተኛታችሁ በፊት ይህን ጨርሱ።

1. ሞዱን ሹተር ፕራዮሪቲ (ፍጥነቱን እናንተ፣ ሌላውን ካሜራው የሚመርጥበት) ላይ አድርጉ። ካኖን ላይ «ቲቪ»፣ ኒከንና ሶኒ ላይ «ኤስ» ተብሎ ተጽፏል።
2. ሹተር ስፒዱን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን የሰከንድ ክፍልፋይ) 1/1000 ላይ ጀምሩ። ለሚበር ወፍ 1/2000። የጠዋት ብርሃን ካነሰና ወፏ ዝም ብላ ከተቀመጠች ወደ 1/500 ማውረድ ይቻላል።
3. አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) አውቶ አድርጋችሁ ጣሪያውን 3200 ላይ ገድቡ። ካሜራችሁ አዲስ ከሆነ 6400ም ይችላል። ትንሽ ቅንጣት ያለበት ጥርት ያለ ፎቶ፣ ንጹሕ ሆኖ ከተንቀጠቀጠ ፎቶ ይሻላል።
4. ፎከሱን ተከታታይ አድርጉ፦ ካኖን ላይ «ኤአይ ሰርቮ»፣ ኒከንና ሶኒ ላይ «ኤኤፍ-ሲ»። ነጥቡ አንድና መሃል ላይ ይሁን። ካሜራው ራሱ ነጥብ ይምረጥ ካላችሁት ከወፏ በፊት ያለውን ሣር ይመርጣል። የወፍ ዓይን የሚለይ አዲስ ካሜራ ካላችሁ ግን እሱን ክፈቱ።
5. በተከታታይ እንዲያነሳ አድርጉ። ድምፅ አልባ ሹተር ካለው ለተቀመጠ ወፍ ተጠቀሙበት።
6. ፎቶው በሮው (ካሜራው ሳያቀናብረው በሚያስቀምጠው ፋይል) ይቀመጥ። የጥቁር ላባ ዝርዝር በኋላ ሊወጣ የሚችለው ከሮው ነው።

ሌንሱስ? 300 ሚሊሜትር ካላችሁ በቂ ነው። ለትንሽ ወፍ ግን ከ6 እስከ 8 ሜትር ድረስ መጠጋት ግድ ይላል። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ለወፍ አይሆንም፤ በእሱ የማሳውን መልክ አንሱበት።

*ስልክ ብቻ ላላችሁ።* በጣት ገፍቶ ማጉላት ፎቶውን ያበላሻል። ባይኖኩላር ተዋሱ። 8x42 የሚል ቁጥር ያለበት ቢሆን ይመረጣል። መጀመሪያ በዓይናችሁ እያያችሁ ወፏ ጥርት እስክትል አስተካክሉት። ከዚያ የስልኩን ዋና ካሜራ በአንዱ ዓይን በኩል ለጥፉት። ዙሪያው ጥቁር ክብ ከታየ ስልኩን ትንሽ አርቁ ወይም አቅርቡ፣ የባይኖኩላሩን የዓይን ጎማም አዙሩ። ክቡ ሲጠፋ ስክሪኑን ነክታችሁ ፎከሱን ቆልፉ። ባይኖኩላሩ ግንድ ወይም ድንጋይ ላይ ካልተደገፈ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ተደገፉ።

ደረጃ 4፦ ከፀሐይ ቀድማችሁ ድረሱ

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቦታችሁ ላይ ሁኑ። ጥሩው ብርሃን እስከ 3 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ጥላው ይጠቁራል፣ ወፎቹም ዝም ይላሉ። ማምሻውን የምትመርጡ ከሆነ ከ10 ሰዓት ጀምሩ። ደሴ ላይ ግን የጦሳ ተራራ በምዕራብ በኩል ስላለ ፀሐይዋ ከምትጠብቁት ቀድማ ትሰወራለች።

ጤዛ ሌንሱን ሲሸፍነው። ይህ በተለይ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርዱትን የሚያበሳጭ ነገር ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፤ አየሯ ይሞቃል። ደሴ ላይ ቀዝቅዞ ያደረ ካሜራ ሞቅ ያለ እርጥብ አየር ሲያገኝ እንፋሎቱ መስታወቱ ላይ ይጠራቀማል። መፍትሔው እንዲህ ነው፦

- ደሴ ላይ እያላችሁ ካሜራውን ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ አፉን እሰሩ።
- ኮምቦልቻ ስትደርሱ ወዲያው አትክፈቱት። ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ። እርጥበቱ ከፌስታሉ ውጭ ያርፋል፣ ካሜራው ውስጡ ይሞቃል።
- ቸኩላችሁ ከፍታችሁት ከሸፈነ በሸሚዝ አትጥረጉ። ሌንሱንም አትንቀሉ፤ ከነቀላችሁ እርጥበቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ንፋስ ያለበት ቦታ አስቀምጡትና ጠብቁ።

መጀመሪያ ሰላምታ። ማሳ ባለቤት አለው። ገበሬው ተደብቃችሁ ካገኛችሁ ነገር ይበላሻል። ስለዚህ ካሜራው ከቦርሳ ሳይወጣ ቀረብ በሉ። «እንዴት አደሩ አባባ? ወፍ ፎቶ ላነሳ ነው የመጣሁት። ዳሩ ላይ ብቀመጥ ይፈቅዱልኛል?» ይበቃል። እስላም አባት ከሆኑ በሰላምታቸው ሰላም በሏቸው። ወሎ ውስጥ በዚህ የሚከለክላችሁ ሰው እምብዛም ነው፤ ቡና ጠጡ ብሎ ጠዋታችሁን የሚወስድባችሁ ይበዛል። «ስመለስ እጠጣለሁ» በሉ፣ ስትመለሱም ጠጡ።

አትርሱ፣ እናንተ የምታደንቋት ወፍ ለእሳቸው እህል የምትለቅም ሌባ ናት። ለወፍ ጥብቅና አትቁሙ። ሰብል ውስጥም አትርገጡ፤ በድንበሩ ብቻ ሂዱ።

ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ ወፍ የሚጠብቅ ልጅ ካለ ወዳጅ አድርጉት። የትኛው ወፍ የት እንደሚያርፍ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ወፍ እንዲያስነሳላችሁ ወይም ጫጩት እንዲያመጣላችሁ ብር አትስጡት። አንድ ቀን ከሰጣችሁት በማግስቱ ጎጆ ሙሉ ጫጩት ይዞ ይመጣል፣ የሚተርፍም አይኖርም።

ደረጃ 5፦ የወፏን መቀመጫ ፈልጋችሁ ቁጭ በሉ

የሥራው ልብ እዚህ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይህን አትዝለሉ።

በመስከረም ወንዱ የራሱ ክልል አለው። ሴት ለመጥራትና ሌላ ወንድ ለማባረር ከፍ ያለ አገዳ ወይም ቁጥቋጦ ጫፍ ላይ ይወጣል። ላባውን ይነፋል፣ ይዘምራል፣ ይበራል፣ ተመልሶ ይመጣል። የሚመለሰው የትም አይደለም፤ ሁለት ወይም ሦስት የሚመርጣቸው መቀመጫዎች አሉት። እናንተ የምትጠብቁት ወፉን ሳይሆን መቀመጫውን ነው።

1. ከ40 ሜትር ያህል ርቀት ቆማችሁ ለሩብ ሰዓት ተመልከቱ። ካሜራ አታንሱ።
2. የት የት እንዳረፈ ቁጠሩ። ከሁለት ጊዜ በላይ የተመለሰበትን አገዳ ምልክት ያዙለት።
3. ከመቀመጫዎቹ ውስጥ ከጀርባው ርቆ ያለ አረንጓዴ ወይም ጥላ ያለውን ምረጡ። ከጀርባው ሰማይ ብቻ ከሆነ ጥቁሩ ወፍ ዝርዝር አይኖረውም።
4. ፀሐይዋ ከጀርባችሁ እንድትሆን ቦታ ምረጡ። ጥላችሁ ወደ መቀመጫው ካመለከተ ትክክል ናችሁ።
5. ወንዱ ሲበር፣ እሱ በሌለበት ሰዓት ጠጋ በሉ። ሲመለስ ባላችሁበት ቁሙ። ደግሞ ሲበር ደግሞ ጠጋ።
6. ከ8 ሜትር ገደማ ላይ ማዳበሪያችሁን ዘርግታችሁ ተቀመጡ። ከቁጥቋጦ ወይም ከካብ ጋር ተለጥፋችሁ፣ የሰው ቅርፃችሁ እንዳይለይ።
7. ካሜራውን ዓይናችሁ አጠገብ ያዙ፣ ፎከሱን አገዳው ጫፍ ላይ አስቀድማችሁ አጥሩ። ከዚህ በኋላ እጅ ማወዛወዝ የለም።

የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ባዶ ነው። ስልክ ማውጣት ያምራችኋል። አታውጡ። ልክ ስልኩን ስታዩ ነው የሚመጣው፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ወፍ አንሺ ካለ ይንገረኝ።

ተቀምጣችሁም ካልመጣ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ካልተመለሰ ቀርባችኋል ማለት ነው። አምስት ሜትር ወደኋላ ተመለሱና እንደገና ጠብቁ። አጠገባችሁ ዞሮ ዞሮ ሳያርፍ የሚጮህ ከሆነ፣ ወይም ሴቷ አፏ ውስጥ ምግብ ይዛ ለማረፍ የምታመነታ ከሆነ፣ ጎጆው አጠገብ ናችሁ። ተነሱና ሂዱ። ለተሻለ ፎቶ ብሎ ጎጆውን የሸፈነ ሣር ማጠፍ፣ ጫጩቱን ለፀሐይና ለጭልፊት አሳልፎ መስጠት ነው። በስልክ የወፍ ድምፅ አጫውቶ መጥራትም በዚህ ወቅት አይሆንም። ተቀናቃኝ የመጣበት መስሎት ራሱን ያደክማል።

ደረጃ 6፦ አንሱ

1. ፎከሱ ዓይን ላይ። ጭራው ቢደበዝዝ ችግር የለም፣ ዓይኑ ከደበዘዘ ፎቶው የለም።
2. ከወፏ ዓይን ከፍታ ጋር እኩል ሁኑ። ተቀምጣችሁ ካልደረሳችሁ ተንበርከኩ።
3. መጀመሪያ እንዳረፈ ሦስት አራት ፎቶ አንሱና ቁሙ። ድምፁን ይልመድ። ካልሸሸ ቀጥሉ።
4. ላባውን ነፍቶ ሲዘምር ረዘም አድርጋችሁ ተጫኑ።
5. ለመብረር ሲሰናዳ ምልክት አለው፦ ጎንበስ ይላል፣ ላባውን ይሰበስባል፣ ብዙ ጊዜም ኩሱን ይጥላል። ያኔ ጣታችሁ ሹተሩ ላይ ይሁን።

ስለ ብርሃን መለኪያው፦ የጥቁር ወፍ ጀርባ ደመናማ ሰማይ ከሆነ ማካካሻውን (ፎቶውን የሚያደምቀውንና የሚያጨልመውን የ+/- ማስተካከያ) ወደ +1 ወይም +1.7 ውሰዱ። ጀርባው ሣር ከሆነና ቢጫው ወይም ቀዩ የላባውን ዝርዝር አጥቶ አንድ ወጥ ቀለም ከሆነ ወደ -0.3 ወይም -0.7 ዝቅ አድርጉ። ጥቁር መደብ ላይ ለተቀመጠ ነጭ ወፍ -1።

አንገቱን አስረዝሞ ላባውን ከሰበሰበና ዘፈኑን ካቆመ ተጨንቋል። ካሜራውን አውርዱና ዓይናችሁን ከእሱ ላይ አንሱ። ብዙ ጊዜ ይረጋጋል።

ደረጃ 7፦ ሲበላሽ ምን ይደረግ?

*ሁሉም ነገር ደብዛዛ ነው።* ፎቶውን አጉልታችሁ እዩ። ሣሩም ወፉም ደብዛዛ ከሆነ እጃችሁ ተንቀጥቅጧል፤ ፍጥነቱን ጨምሩ፣ ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ አስደግፉ። ሣሩ ጥርት ብሎ ወፉ ከደበዘዘ ፎከሱ ስቷል፤ አንድ ነጥብ ላይ መሆኑን ተመልከቱ።

*ወፉ ጥቁር ጥላ ብቻ ሆነ።* ቦታችሁ ተሳስቷል። ማካካሻ እስከ የተወሰነ ድረስ ነው የሚረዳው። ዞራችሁ ፀሐይን ከጀርባ አድርጉ።

*ጉም ወረደ።* ደሴ ላይ ይህ የተለመደ ነው። ሩቅ ያለውን ተዉና በጣም ቅርብ ያለውን ብቻ አንሱ። ጉም ጀርባውን ያጸዳል፤ አይኤስኦውን ከፍ፣ ማካካሻውን ወደ +1 አድርጉ።

*ልጆች ተሰበሰቡ።* መቆጣት ያበዛቸዋል። አንዱን ጠርታችሁ በካሜራው አሳዩት፣ ሌሎቹም ተራ በተራ ይዩ። ከዚያ «አሁን ዝም ካላችሁ ወፉ ይመጣል» በሏቸው። ካልተሳካ ያ ጠዋት የልጆቹ ነው፣ ፎቷቸውን ከፈለጉና ወላጅ ከፈቀደ አንሷቸው።

*ውሻ መጣ።* አትሩጡ። ተቀምጣችሁ ከሆነ ቀስ ብላችሁ ቁሙ፣ ባለቤቱን ተጣሩ።

*ዝናብ ጀመረ።* ካሜራው ፌስታል ውስጥ ይግባ፣ እናንተ ጠብቁ። ዝናብ እንዳባራ ወፎች ላባቸውን ለማድረቅ ጫፍ ላይ ይወጣሉ፤ ጥሩ ጊዜ ነው።

ደረጃ 8፦ ቤት ስትመለሱ

ካሜራውን ከነእርጥበቱ ቦርሳ ውስጥ ዘግታችሁ አትተዉት፤ ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል። ውጫዊውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና ለጥቂት ሰዓት ክፍት ቦታ ይደር። ከአዲስ ጫማ ካርቶን የምትወጣዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አትጣሏት፣ ቦርሳችሁ ውስጥ አኑሯት።

ፎቶዎቹን በዚያው ቀን ምረጡ። ዓይኑ ያልጠራውን ያለ ርኅራኄ አጥፉ። ከቀረው ላይ ትርፍ ጎኑን ቁረጡ፣ ወፉ በሚያይበት አቅጣጫ ግን ክፍት ቦታ ተዉለት። ቢጫውና ቀዩ ሲደምቅ ደስ ስለሚል ቀለሙን ከልክ በላይ መጨመር ይቀናናል፤ ላባው ዝርዝሩን ካጣ መልሱ።

የወፉን ስም ካላወቃችሁ መርሊን የሚባለው ነፃ የስልክ መተግበሪያ ከፎቶ ይገምታል። ቀድማችሁ ኢንተርኔት ባለበት ጫኑት። ግምቱን ግን በራሳችሁ አጣሩ፤ በተለይ ቡናማዎቹን ሴቶች ያምታታቸዋል። ከፎቶው ጋር ቀኑን፣ ቦታውን፣ ሰዓቱንና ወፉ ምን ያደርግ እንደነበር ጻፉ። መቀመጫው የት እንደነበረም አስፍሩ፤ ወቅቱ እስኪያልፍ ድረስ በሚቀጥለው ቅዳሜ ያው ወንድ እዚያው አካባቢ መገኘቱ አይቀርም።

ፎቶውን ስትለጥፉ «ገራዶ» ወይም «ኮምቦልቻ ዙሪያ» ማለት ይበቃል። ጎጆ ያያችሁበትን ትክክለኛ ቦታ፣ በተለይም የንስርና የጉጉት ጎጆ ከሆነ፣ አትጻፉ። የስልካችሁን የቦታ መመዝገቢያም ከመለጠፋችሁ በፊት አጥፉት።